ከእናት ወጥታ ወደ እናት እስክትመለስ፦ የሴት እንቁላል በላብራቶሪ እጅ

በምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸናና ሞጣ አካባቢ ተጋብተው ዓመታት ያለ ልጅ ያሳለፉ ባልና ሚስት ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ብዙ ጊዜ ዘግይተው ነው። ጸበሉን ከተጠመቁ፣ ስለቱ ከተሳለ፣ የባልየው ዘመድ «ሌላ አግባ» እያለ መወትወት ከጀመረ በኋላ ነው ጉዳዩ ወደ ሕክምና የሚዞረው። ሐኪሙ የማሕፀን ቱቦዎቿ መዘጋታቸውን ወይም የባልየው የዘር ፍሬ ማነሱን አይቶ ከአካል ውጭ የሚደረግ ጽንሰት፣ ማለትም አይቪኤፍ፣ እንደሚያስፈልጋቸው ይነግራቸዋል። ከዚያ ወዲያ ወሬው ሁሉ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ መርፌው ብዛትና ስለ ሐኪሙ ዝና ይሆናል። እንቁላሏ ከሴቲቱ አካል ወጥታ ጽንስ ሆና እስክትመለስ ባሉት አምስት ስድስት ቀናት፣ በተዘጋው በር ጀርባ ምን እንደሚደረግ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ከሴቲቱ ዕድሜ ቀጥሎ ብዙ ነገር የሚወሰነው እዚያ ውስጥ ነው።

ዓለም አቀፍ ጥናቶችንና የሙያ ማኅበራት መመሪያዎችን አሰባስቦ ላነበበ ሰው አንድ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። ላብራቶሪ የእንቁላልን ጥራት መጨመር አይችልም። የመጣለትን ጠብቆ ማቆየት ወይም ማበላሸት ብቻ ነው የሚችለው። ስለዚህ ስለ አንድ ማዕከል ብቃት ስንናገር የምንናገረው ምን ያህል እንዳተረፈልን ነው። የሚያበላሸው ምንድን ነው? ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በተለይም በከፍታችን ላይ፣ ምን የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል?

መጀመሪያ ስለ እንቁላሏ እንነጋገር። ከሰው አካል ሕዋሳት ሁሉ ትልቋ ናት፤ ሆኖም ወርዷ ከሚሊ ሜትር አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ሴት ልጅ ስትወለድ ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ እንቁላሎች ይዛ ትወለዳለች፤ ከዚያ በኋላ አዲስ አይጨመርላትም። አንዲት የ38 ዓመት ሴት ለሕክምና ስትቀርብ እንቁላሏም 38 ዓመት ተቀምጣለች ማለት ነው። በደረሰች እንቁላል ውስጥ ክሮሞሶሞቹ በቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች ተይዘው ይጠብቃሉ፤ የክሮቹ አደረጃጀት እንዝርት ይመስላል። የዘር ፍሬው ሲገባ እነዚህ ክሮች ክሮሞሶሞቹን በትክክል መክፈል አለባቸው። ክሮቹ ከተዛቡ ክሮሞሶም ይጎድላል ወይም ይተርፋል፤ ጽንሱም አያድግም ወይም ያስወርዳል። ዕድሜ ይህን ሥርዓት ያዳክመዋል። ቅዝቃዜ፣ ሙቀት፣ የአሲድ መዛባትና ሻካራ እጅ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያፈርሱታል።

በአይቪኤፍ የተወለደችው የመጀመሪያዋ ልጅ ሉዊዝ ብራውን ጁላይ 25 ቀን 1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ውስጥ ተወለደች። በዚህ ሥራ ሲወሳ የኖረው የሳይንቲስቱ የሮበርት ኤድዋርድስና የሐኪሙ የፓትሪክ ስቴፕቶ ስም ነው፤ ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ላብራቶሪውን ያደራጀችውና እንቁላሎቹን በእጇ የያዘችው ጂን ፐርዲ ግን ለብዙ ዓመታት ስሟ ሳይነሳ ቀርቷል። ይህ አሁንም ያልለቀቀን ልማድ ይመስለኛል። ሐኪሙን እናመሰግናለን፤ የጽንስ ላብራቶሪ ባለሙያዋን፣ ኢምብርዮሎጂስቷን፣ ግን ስሟን እንኳ አናውቅም።

በአገራችን በመንግሥት ሆስፒታል ደረጃ አገልግሎቱ የተጀመረው አዲስ አበባ በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሲሆን፣ ማዕከሉ በ2019 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በነበረው ትብብር ውስጥ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ የመካንነት ሕክምና ስፔሻሊስት ዶክተር ሰናይት ፍስሐ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። በከተማዋ የግል ማዕከላትም አሉ። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ይቀር ነበር።

ለሞጣና ለቢቸና ሰው የእንቁላል አያያዝ የሚጀምረው ላብራቶሪ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ላይ ነው። ሴቲቱ እንቁላል የሚያሳድገውን መርፌ ለ10 ቀን ገደማ ትወስዳለች። በመጨረሻ እንቁላሎቹን የምታበስለዋ መርፌ ትሰጣታለች፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ እንቁላሎቹ መወሰድ አለባቸው። ከዚያ ቢቀድም ብዙዎቹ ሳይበስሉ ይገኛሉ። ቢዘገይ ደግሞ በራሳቸው ይለቀቁና እንቁላል የሚይዘው ከረጢት፣ ፎሊክሉ፣ ባዶ ሆኖ ይጠብቃል፤ የወሩ ሕክምናም ገንዘቡም አብረው ይሄዳሉ። ከሞጣ በቢቸናና በደጀን አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና በጎሐ ጽዮን በኩል ወጥቶ አዲስ አበባ መግባት በደህናው ጊዜም ሙሉ ቀን የሚፈጅ ጉዞ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ደግሞ መንገዱ መቼ እንደሚዘጋ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ መርፌው ከመጀመሩ በፊት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ማረፍ ወይም ቤት መከራየት የሕክምናው አካል ነው። ይህን አስቀድሞ ለታካሚ በግልጽ መንገር የማዕከሉ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ። የሁለት ሳምንት የማረፊያ ወጪ ሳይታሰብበት የሚቆረጥ የሕክምና ዋጋ የገጠሩን ሰው ያሳስታል።

አሁን ሂደቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በረጅም መርፌ ከእያንዳንዱ ፎሊክል ፈሳሹን ይመጥጣል። ደም የተቀላቀለበት ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ አልፎ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይጠራቀማል። ነርሷ ብልቃጡን ከሞቀው ማቆያ ሳታወጣ በመስኮት ታቀብላለች። ኢምብርዮሎጂስቷ ወደ ሳህን ትገለብጠውና በማይክሮስኮፕ እያየች ትፈልጋለች። እንቁላሏ በዝልግልግ የሕዋሳት ክምር ተከባ ትገኛለች፤ እሷን ብቻ በቀጭን ፒፔት መጥጣ፣ ደሙን አጥባ፣ በማዕድን ዘይት ወደተሸፈነች ጠብታ ታዛውራታለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንዲት ጠብታ ውስጥ ነው፤ ያቺ ጠብታ ከሞቀ ቦታ ከተነሳች በሰከንዶች ትቀዘቅዛለች።

ሱዛን ፒከሪንግና ባልደረቦቿ በ1990 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት የሰው እንቁላል በተራ የክፍል ሙቀት 10 ደቂቃ ብቻ ሲቆይ እንኳ ክሮሞሶሞቹን የሚይዙት እነዚያ ክሮች እንደሚበታተኑ አሳይቷል። ወደ 37 ዲግሪ ሲመለሱም ሁሉም አላገገሙም። የክፍል ሙቀት ሲባል ደግሞ የአዲስ አበባን የጠዋት ብርድ ማሰብ ነው። በዚህ የተነሳ የሚያሞቀው ጠረጴዛ፣ የማይክሮስኮፑ መቆሚያ፣ ብልቃጡ፣ ማጠቢያው ፈሳሽ ሁሉ መሞቅ አለባቸው። ብዙ ጊዜ የሚሳተው ነገር ሌላ ነው። የጠረጴዛው ቁጥር ማሳያ 37 ስላለ ሳህኑ ላይ ያለችው ጠብታ 37 ናት ማለት አይደለም፤ በላስቲኩና በመሃል ባለው አየር ምክንያት ዝቅ ትላለች። ጥሩ ላብራቶሪ በቀጭን የሙቀት መለኪያ ጠብታዋን ራሷን ይለካል፤ የለካውንም በየቀኑ ይመዘግባል። ከ37 ማለፍም ጉዳት ስለሆነ «ትንሽ ጨምረው» ብሎ መገላገል አይቻልም።

በእኛ አገር ከሁሉ በላይ ሊነገር የሚገባውና የውጭ አገር መመሪያዎች በብዛት የማያነሱት ጉዳይ የከፍታችን ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቢቸናና ሞጣም 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ብቻ ነው። እንቁላልና ጽንስ የሚኖሩበት ፈሳሽ የአሲድ መጠኑን የሚጠብቀው በሞቀው ማሳደጊያ ሳጥን፣ በኢንኩቤተሩ፣ ውስጥ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተመጣጥኖ ነው፤ የሚፈለገው መጠን በፒኤች ከ7.2 እስከ 7.4 ነው። ፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟውን ጋዝ የሚወስነው የጋዙ ግፊት እንጂ በመቶኛ የተጻፈው ቁጥር አይደለም። ስለዚህ የባሕር ዳርቻ ከተማ ውስጥ 6 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚበቃው ፈሳሽ አዲስ አበባ ላይ 8 በመቶ ይፈልጋል። የአምራቹን መመሪያ እንዳለ ተቀብሎ 6 በመቶ ላይ ያስቀመጠ ላብራቶሪ 7.3 መሆን የነበረበትን ፈሳሽ ከ7.4 በላይ ያደርሰዋል። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል፤ ለእንቁላሏ ግን ትንሽ አይደለም፤ የውስጧን ሚዛን ለመጠበቅ የምታወጣው ኃይል ከማደጊያዋ የሚቀነስ ነው።

ከውጭ አገር ተደባልቆ በሲሊንደር የሚመጣ ጋዝም ያው ችግር አለበት፤ ድብልቁ በባሕር ጠለል ተሰልቶ የተሠራ ከሆነ እዚህ አይበቃም። የኦክስጅኑም ስሌት እንዲሁ ነው። ጽንስ 5 በመቶ ኦክስጅን ባለበት ቢያድግ 20 በመቶ ገደማ ኦክስጅን ካለበት ተራ አየር የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ አረጋግጧል። ያንኑ 5 በመቶ እዚህ ለማግኘት ወደ 6.6 በመቶ መጠጋት ያስፈልጋል። በበጋ የደጋው አየር ደረቅ መሆኑም ሳይረሳ ነው፤ ጠብታዋ ዘይት ከመልበሷ በፊት ጥቂት ከተነነች በውስጧ ያለው ጨው ይወፍራል። መፍትሔው ውድ አይደለም። እያንዳንዱ ላብራቶሪ የራሱን ፈሳሽ ፒኤች በራሱ ኢንኩቤተር ውስጥ መለካትና የጋዙን መጠን በዚያ መወሰን ነው ያለበት። ነገ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ማዕከል ቢከፈት፣ የአዲስ አበባን ቁጥር ገልብጦ መውሰዱም ስሕተት ይሆናል፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ናት።

ስለ አየር ንጽሕና በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የባለሙያዎች የካይሮ ስምምነት ዋና መነሻ ነው። አቧራና ጀርም የሚያጣራው ማጣሪያ የቀለም፣ የማጣበቂያ፣ የአልኮልና የሽቶ ትነትን አያስቀርም፤ ለእነዚህ የከሰል ማጣሪያ ያስፈልጋል። አዲስ የተቀባ ክፍል ውስጥ ወዲያው ሥራ መጀመር፣ ጄኔሬተሩን ከአየር መሳቢያው አጠገብ ማቆም፣ ሁሉም ጉዳት ያስከትላሉ። ሽቶ ተቀብቶ አለመግባት በየትም አገር የተለመደ ደንብ ነው፤ እኛ ጋ የቡና ዕጣን የጠጣ ነጠላና ልብስም አብሮ መታሰብ ይገባዋል።

ፈሳሹ ራሱ ደግሞ ከውጭ የሚገባ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መጓዝ ያለበት ነገር ነው። በዲሴምበር 2023 ኩፐርሰርጂካል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የማግኒዥየም እጥረት የተገኘበትን የማሳደጊያ ፈሳሽ ከገበያ ሰብስቧል። ጽንሶቻቸው ማደግ ያቆሙባቸው ብዙ ቤተሰቦች ድርጅቱን ከሰዋል። በሀብታም አገር፣ በታወቀ አምራች ምርት ይህ ከሆነ፣ በአውሮፕላን ጭነትና በጉምሩክ መጋዘን ሰዓታት አሳልፎ የሚደርሰንን ፈሳሽ በእምነት ብቻ መጠቀም አይገባም። ቀላል ፈተና አለ። አዲስ የመጣውን ፈሳሽ፣ ሳህኑንና ዘይቱን ከጤነኛ የወንድ ዘር ጋር አንድ ቀን አቆይቶ ስንቱ በሕይወት እየተንቀሳቀሰ እንዳደረ መቁጠር ነው። ለዚህ ማይክሮስኮፕና ትዕግሥት ይበቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የእጅ ሥራ ይመጣል። አንዱን የዘር ፍሬ በመርፌ ወደ እንቁላል የማስገባት ዘዴ፣ ኢክሲ የሚባለው፣ በ1992 ከብራስልስ ከወጣ ወዲህ የዘር ፍሬያቸው ላነሰ ወንዶች ታላቅ መፍትሔ ሆኗል። ከመርፌው በፊት እንቁላሏን የከበቧት ሕዋሳት በኤንዛይም ይገፈፋሉ፤ ኤንዛይሙ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቆይባትም፤ ከዚያ ጠበብ እያለ በሚሄድ ፒፔት ታልፋለች። ፒፔቱ ከጠበበ ትሰነጠቃለች። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የባለሙያዎች የቪየና ስምምነት ለዚህ መለኪያ አስቀምጧል። በኢክሲ ወቅት የሚበላሹት እንቁላሎች ከ10 በመቶ ማለፍ የለባቸውም፤ ጎበዝ ላብራቶሪ ከ5 በመቶ በታች ያደርሰዋል። በትክክል የሚዳብሩት ደግሞ ቢያንስ 65 በመቶ፣ በጎበዞቹ ዘንድ 80 በመቶ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለአንዲት ሴት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። 10 እንቁላል ቢወጣላት የበሰሉት ስምንት ያህል ይሆናሉ። ከነዚያ አምስት ወይም ስድስት ይዳብራሉ። አምስተኛው ቀን ላይ የሚደርሱት ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። አንዲት እንቁላል በእጅ ስሕተት መጥፋቷ አንድ ዕድል ማጣት ሊሆን ይችላል፤ ላም ሸጦ ወይም ተበድሮ ለመጣ ቤተሰብ ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ ላይኖር ይችላል።

የባልየው ዘር ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኢክሲ ማድረግ ጥቅም እንደሌለው በ2021 ዘ ላንሴት ላይ የወጣ፣ በ1,064 የቬትናም ጥንዶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በሕይወት የመውለድ ውጤቱ የጎላ ልዩነት አልነበረውም። ጽንሱን በካሜራ ቀንና ሌሊት የሚከታተለው ውድ ኢንኩቤተርም እንዲሁ ነው፤ በ2024 እዚያው መጽሔት ላይ የወጣው የ1,575 ሴቶች ጥናት ከተራው ኢንኩቤተር የተሻለ የልጅ ቁጥር አላገኘበትም። የውጭ ምንዛሬ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ያን ገንዘብ ለመለኪያ፣ ለማጣሪያ፣ ለመጠባበቂያ ኃይልና ለሠልጣኝ ደመወዝ ማዋል ይሻላል። መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ኢንኩቤተሩ ሳይቋረጥ በባትሪ መደገፉና ጄኔሬተሩ በስንት ሰከንድ እንደሚነሳ ማወቁ ከካሜራው ይበልጣል።

እንቁላል ማቀዝቀዝ ሌላ ምዕራፍ ነው። በ1986 አውስትራሊያ ውስጥ ከቀዘቀዘ እንቁላል የመጀመሪያው እርግዝና ተገኘ፤ ግን በዝግታ የማቀዝቀዙ ዘዴ ውስጡ በረዶ እየሠራ ብዙ እንቁላል ይገድል ነበር። ነገሩን የለወጠው በጃፓን ማሳሺጌ ኩዋያማ ያዳበረው፣ እንቁላሏን በቅጽበት ወደ መስታወት መሰል ጠጣርነት የሚያሻግረው ቪትሪፊኬሽን ነው። በስፔን የተደረጉ ጥናቶች ከ90 በመቶ በላይ እንቁላሎች ከቀዘቀዙበት በሕይወት እንደሚነሱ ካሳዩ በኋላ፣ የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2012 «የሙከራ» የሚለውን ስያሜ አነሳለት። ለካንሰር ሕክምና ለምትዘጋጅ ወጣት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሥራው ግን በሰከንድ የሚቆጠር ነው። እንቁላሏ በመጨረሻው ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ብዙም ሳታልፍ በቀጭን ላስቲክ ጫፍ ላይ ተቀምጣ 196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ወደሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን መጠመቅ አለባት። ከዘገየች ፈሳሹ ይመርዛታል፤ ከተቻኮለ ውኃው ከውስጧ አልወጣም።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ለጎጃም ገበሬ እንግዳ አይደለም። የከብት ማዳቀያ ባለሙያው የተሻሻለ ኮርማ ዘር በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ይዞ በየቀበሌው ይዞራል፤ ክዳኑን ሲከፍት ነጭ ጭስ ሲወጣ ያላየ ልጅ የለም። ዘሩን በ35 ዲግሪ ገደማ ለብ ባለ ውኃ አሟሙቶ ወዲያው ይጠቀማል። ናይትሮጅኑ ካለቀ ያ ሁሉ ዘር እንደሚበላሽ፣ ላሚቱም ጊዜዋ እንደሚያልፍ ገበሬው በደንብ ያውቃል። በሰው ላይም ሆኗል። ማርች 2018 በአሜሪካ ክሊቭላንድ የአንድ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ከ4,000 በላይ እንቁላሎችና ጽንሶች ጠፉ፤ ለሠራተኛ የሚደውለው የርቀት ማንቂያ ጠፍቶ ነበር። በዚያው ወቅት ሳን ፍራንሲስኮም ሌላ ታንክ ተበላሽቷል። እንግዲህ እንቁላል የሚያስቀምጥ ማዕከል የናይትሮጅኑን ከፍታ በየስንት ቀኑ እንደሚለካ፣ ማንቂያው ሌሊት የማንን ስልክ እንደሚጠራ መልስ ሊኖረው ይገባል።

ባልና ሚስት በር ላይ ቆመው መጠየቅ የሚገባቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ከበሰሉት እንቁላሎች ስንቱ በመቶ ይዳብርላችኋል? ዕድሜያቸው እንደ እኔ ከሆነ ሴቶች ስንቶቹ ልጅ ታቀፉ? ሳህኑ ላይ የሁለታችን ስም ሲጻፍ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ያረጋግጣል? መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? እነዚህን የሚጠይቅ ታካሚ አስቸጋሪ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጤና ሚኒስቴርም ማዕከላቱ እነዚህን ቁጥሮች በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መልክ እንዲያሳውቁ ቢያደርግ፣ ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ሰው ዝናና ማስታወቂያ ላይ ብቻ አይንጠለጠልም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ መካንነት እንደሚገጥመው ገልጿል። በእኛ አካባቢ መካንነትን ከሚያስከትሉት ምክንያቶች ዋነኛው የማሕፀን ቱቦን የሚዘጋ ኢንፌክሽን ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉ በሽታዎች፣ ንጽሕና በጎደለው ወሊድና ውርጃ የሚመጣ ቁስለት፣ ሆድ ውስጥ የገባ ቲቢ ይህን ያደርጋሉ። እነዚህን ቢቸናና ሞጣ ላይ በጊዜ ማከም ይቻላል፤ ያኔ ብዙ ሴቶች የአዲስ አበባውን ላብራቶሪ ሳያዩ ይወልዱ ነበር።

ሌላው እዚያው ሊሠራ የሚችለው የባልየው ምርመራ ነው። ከመካንነት ችግሮች ግማሽ በሚሆኑት የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ምርመራው ግን የሚጀመረውም የሚያልቀውም ሴቲቱ ላይ ነው። የዘር ምርመራ ማይክሮስኮፕ፣ መቁጠሪያ መስታወትና የሠለጠነ የላብራቶሪ ባለሙያ ብቻ ይፈልጋል። ሰውየው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ይታቀባል፤ ናሙናው ብርድ ሳያገኘው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይታያል፤ ውጤቱ ካነሰ ከሳምንታት በኋላ ይደገማል። ይህ ወረቀት በእጁ ያለ ባል ሚስቱ በ30 ዓመቷ አዲስ አበባ ልትደርስ ስትችል በ38 ዓመቷ እንድትደርስ አያደርጋትም፤ እነዚያን ስምንት ዓመታት ደግሞ የትኛውም ኢንኩቤተር አይመልስላትም።